የፓምፑ ለቅሶ

ሞተሪስት ነበርኩ። ሞተሪስት ማለት ለማያውቀው ሰው፣ የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚያስነሳ፣ የሚያጠፋ፣ በመሃል ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስራዎች ከማንም እኩል ነበርኩ። በሦስተኛው ግን ከዚህ እስከ ደብረ ዘይት የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አቃቂ በሰቃ ያኔ የፋብሪካና የባቡር ከተማ ናት፤ ሰው የሚነሳው በዶሮ ጩኸት ሳይሆን በፋብሪካ ፊሽካ ነው። ዶሮዎቹም ለምደውት ፊሽካውን ጠብቀው ነበር የሚጮሁት። ወንዛችን ደግሞ የጨርቅ ማቅለሚያ ስለሚፈስበት አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ጠዋት ድልድዩ ላይ ስንገናኝ፣ «ዛሬ ወንዙ ምን ለብሷል?» እንባባል ነበር። ስለዚህ የሚጠጣ ውሃ ማለት የጉድጓድ ውሃ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ማለት የኛ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ቢያንስ ለእጮኛዬ ያስረዳኋት እንደዚያ ነበር።

እሷንም ያወቅኳት ቦኖው ጋ ነው። እንስራዋን እየሞላች ሳለ ውሃው ቀጠነባት።

«ይሄ ሞተሪስት ተኝቷል መሰለኝ» አለች ጮክ ብላ።

ከኋላዋ ቆሜ ነበር። «አልተኛም፤ ይኸው ቆሟል» አልኳት።

ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «እንግዲያ ሞተሩን ማን ያዘው?» አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሮጥኩ። ፍቅራችን እንዲህ ተጀመረ፤ እሷ ስትጠይቅ፣ እኔ ስሮጥ። እስከ ዛሬም አልተለወጠም። የተለወጠው ፀጉሬ ብቻ ነው፤ እሱ ከኔ ቀድሞ ሮጦ አመለጠ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣቢያ ላይ ባንዲራ ሲያውለበልቡ ስለኖሩ፣ ለሰው ሁሉ ያላቸው ቃል ሁለት ነው፤ ወይ «እለፍ»፣ ወይ «ቁም»። እኔን ለረጅም ጊዜ «ቁም» ነበር የሚሉኝ። በልባቸው የያዙት አንድ የትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበራ። «መኪና የያዘ ሰው የትም ይደርሳል» ይላሉ። «ፓምፕ የያዘ ሰው ግን የት ይሄዳል? ፓምፑ ራሱ ከተተከለበት አይነቃነቅ!» ሽማግሌ ላክሁ፣ ተመለሱ። ደግሜ ላክሁ፣ ተመለሱ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሽማግሌዎቹም መመላለሱ ስልችት ብሏቸው ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው አንነሳም አሉና እሺ አሰኟቸው። ሰርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለችው የመጨረሻ እሁድ እንዲሆን ተቆረጠ።

«ከዚያች እሁድ ካለፈች ግን እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም» አሉ አባቷ። «እስከ ፋሲካ ደግሞ እኔም ነገሩን እንደገና አስብበታለሁ።»

የሚያስቡት ሾፌሩን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

አሁን ስለ ላይኞቹ ልንገራችሁ፤ ያለነሱ ይሄ ነገር አይገባችሁም። ከኛ በላይ፣ ወደ ቃሊቲ በኩል፣ ሌላ ውሃ ክፍል ነበር። እኛ «ላይኞቹ» እንላቸዋለን፤ እነሱ «ታችኞቹ» ይሉናል። የራሳቸው ጉድጓድ፣ የራሳቸው ፓምፕ፣ የራሳቸው አለቃ አላቸው። ሁለታችን የምንጋራው አንድ ፓራንኮ ብቻ ነው፤ በሰንሰለት ከባድ ነገር የሚያነሳ ዕቃ። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ፓምፕ ከነቱቦው ያለ ፓራንኮ አይወጣም። ሁለቱ አለቆች በደህናው ዘመን ተስማምተው በጋራ ያመጡት ስለነበረ፣ እንደ ተፋቱ ሰዎች ልጅ አንዴ እዚያ ቤት፣ አንዴ እዚህ ቤት እየዞረ ይኖራል።

የተጣሉትም በሱ ነው። አንድ ክረምት አለቃችን ፓራንኮውን ሲመልሱ ሰንሰለቱ ጭቃ ነበረው። የላይኛው አለቃ ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ውሃ ክፍል ነው ጭቃ የሚልክልኝ? የሚታጠቡበት አጥተው ነው?» አሉ። ነገሩ አቃቂ ከመድረሱ በፊት ሦስት ጠላ ቤት አድሮ፣ በየጠላ ቤቱ ትንሽ ትንሽ ተጨምሮበት መጣ። አለቃችን ሰሙ፤ አኮረፉ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። ጥምቀት ላይ ጸበል ሲረጭ እንኳ፣ የላይኛው አለቃ የቆሙበት በኩል የሚረጨውን አልፈልግም ብለው ደረቃቸውን ቤታቸው ገብተዋል። እኛ ሰራተኞቹ ግን አልተጣላንም። እሁድ እሁድ ድልድዩ አጠገብ ባለ ጠጅ ቤት ከላይኞቹ ጋር እየተገናኘን፣ የየአለቆቻችንን ኩርፊያ እንደ ጉድ እንተርከው ነበር።

ሰርጉ ሳምንትና ጥቂት ቀን ሲቀረው ፓምፑ ቆመ።

ሞተሩ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ይጨሳል፤ ውሃ ግን ጠብ የለም። ጆሮዬን እንደ ሐኪም ቱቦው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ከታች ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል። ዘንጉ ተሰብሯል። ፓምፑ ከጉድጓድ ወጥቶ ዘንግ ካልተለወጠለት አበቃ።

አለቃችን ቤታቸው እዚያው ውሃ ክፍል ግቢ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ጋቢ ደራርበው ተኝተዋል፤ ሳላቸው ቦኖው ድረስ ይሰማል። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች እሳቸው ባሳሉ ቁጥር፣ «ውይ፣ እኚህ ሰውዬስ…» እያሉ ከንፈር ይመጥጣሉ። ገብቼ ነገርኳቸው።

«አውጡታ» አሉ ከጋቢው ውስጥ።

«ፓራንኮ የለንም ጌታዬ።»

«የት ሄደ?»

«ላይኞቹ ጋ ነው።»

«የትኞቹ ላይኞቹ?»

«ጌታዬ፣ ያው… ላይኞቹ ናቸዋ።»

«አላውቃቸውም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ወደኔ ዞረው፣ «ስማ፣ ብሞት እዚያ ሰውዬ ደጅ ዕቃ አልለምንም። ብሞት!» አሉ። አነጠሳቸው።

«ይማርዎ» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ጋኖቿን አጥባ፣ አጥና፣ ድፍድፉን ጥላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። የሰርግ ጠላ ነው፤ የቀረው ውሃ ሞልቶ መክደን ብቻ ነው።

«ውሃው?»

«ይመጣል እማዬ።»

«ድፍድፍ ቀጠሮ አያውቅም ልጄ። ዛሬ ነገ ካልሞላሁት ይበላሻል። አገር ሁሉ ጠርቼ ምን ላጠጣ ነው?»

ይሄን የሰማ ጎረቤታችን፣ ወልቂጤ ተወልዶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ባለሱቅ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ወንዙ አለ አይደል እትዬ! ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ጠላ የትም ሰርግ ላይ ቀርቦ አያውቅም፤ ስማችሁ ይጠራል!»

እናቴ ያገኘችውን መጥረጊያ ወረወረችበት። እኔ ላይ አረፈ።

በዚያው ቀን ማምሻውን አባቷ መጡ። ቆባቸውን አላወለቁም፤ ቆባቸውን የማያወልቁት ለስራ ሲመጡ ነው።

«ፓምፕህ ቆመ አሉ።»

«ይሰራል ጋሼ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

«በቅርቡ የሚባል ባቡር ጣቢያችን ገብቶ አያውቅም። ስማኝ፤ እስከ ነገ ማታ የናትህ ጋን ውሃ ካልያዘ፣ ለዘመድ ሁሉ ሰርጉ ተላልፏል ብዬ እልካለሁ። የውሃ ሰራተኛ ተብሎ ሰርጉ ላይ ውሃ ያጣ ሙሽራ ጎን ልጄን አላቆምም። ፋሲካ ሲደርስ እንነጋገራለን።»

እጮኛዬ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሲወጡ ወደኋላ ቀረት ብላ በጆሮዬ፣ «ሾፌሩ ትናንት ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«በላሽለት?»

«ሁለት።»

ያን ሌሊት እንኳን እኔ ፓምፑም የተኛ አይመስለኝም።

ሲነጋ መላ መጣልኝ። ፓራንኮ ከሌለ ጉልበት አለ፤ ጉልበት ያለውን ወንድ ሁሉ ሰብስቤ በገመድ ላስጎትት። ሰው መሰብሰብ ደግሞ የሚችለው አንድ ሰው ነው፣ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ። ቤቱ ሄጄ ቀሰቀስኩት።

«ምን ብዬ ልጥራ?» አለኝ ጡሩምባውን በነጠላው ጫፍ እየወለወለ።

«ውሃ ክፍል ግቢ ድረሱ በል።»

«ገመድ ይዛችሁ ልበል?»

«ኧረ አትበል! ገመድ ካልክ ስራ መሆኑን ያውቁና ማንም አይመጣም። ዝም ብለህ ድረሱ በል፤ ከመጡ በኋላ እኔ አስረዳለሁ።»

እሱም ምንም ሳይጠረጥር ወጣ፤ ጡሩምባውን አስጮኸ። አሁን ይሄን አስቡት። እድር ያለበት ሰፈር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጡሩምባ በማለዳ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። «እገሌ ቤት ድረሱ» ከተባለ ደግሞ የሞተው እዚያ ቤት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። የሰውየውም ድምጽ ቢሆን ስንት ዘመን ሞት ሲናገር የኖረ ድምጽ ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢልበት ራሱ ያስለቅሳል። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ገመድ ላይ ነበርና ይሄ ውል አላለኝም።

«ውሃ ክፍል ግቢ ድረሱ… ውሃ ክፍል ግቢ ድረሱ…» እያለ በየመንደሩ ዞረ። ውሃ ክፍል ግቢ ማን ነው ያለው? አለቃችን። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስሉ የተሰሙት አለቃችን።

ጉድጓዱ አጠገብ ገመድ እፈታለሁ። ቀና ስል መጀመሪያ የገቡት ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን ይዘው። ጉልበት ያለው ወንድ ነበር የፈለግኩት ብዬ ገና ሳስብ የእድሩ ወንዶች ድንኳኑን ተሸክመው ደረሱ። ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ በርሜል፣ ከዚያ ትልልቅ ድስት። ባለሱቁም ሱቁን ዘግቶ ጋቢውን ለብሶ መጥቷል። ትናንት የቀለደው ሰውዬ ዛሬ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት የለም።

«ኧረ ስሙኝ፣ ማንም አልሞተም!» አልኩ።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አሉኝ አንዲት እናት ጭንቅላቴን ይዘው። «መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ኧረ እናቴ፣ ፓምፑ ነው!»

«አለቃው ያሳደጉት ነው መሰል፣ ቀልቡን ስቷል» ብለው ከጎናቸው ላለችው ተናገሩ። ሴቶቹ ይባስ አለቀሱ። ድንኳኑ ቆመ።

በዚህ መሃል በበሩ በኩል አንዲት ሴት እየሮጠች ገባች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል፤ ፊቷ በዕንባ ርሷል፤ ደረቷን እየመታች፣ «ወይኔ ጉዴ! ሳንጋባ! ሰርጋችን ሳይደርስ!» ትላለች። እጮኛዬ ናት። እሷ ጡሩምባውን ስትሰማ የታየቻት ውሃ ክፍል ያለ ሌላ ሰው ነው። ጉድጓድ ገብቼ ፓምፑን በእጄ ላወጣ ስል የሞትኩ መስሏት ነው። ከእኔ ድፍረት ይሄን መጠበቋ ራሱ ያኮራኛል።

አየችኝ። ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንተ!»

«አቤት።»

«አልሞትክም?»

«እስካሁን አልሞትኩም።»

እንደማፈር አለችና፣ ከዚያ እንደመናደድ አለችና፣ በቡጢ ደረቴን ደቃችኝ። ሞቼ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቡጢ ተነስቼ ነበር። ከኋላዋ አባቷ እያለከለኩ ደረሱ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ዓይናቸው እንደመቅላት ብሏል።

«ደህና ነህ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው ውሃው የታል?»

መልስ ሳልሰጥ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወሬው በጋሪ ቃሊቲ ደርሶ ኖሮ፣ የላይኞቹ ቦቴ ውሃውን እንደጫነ ግቢያችን ገባ፤ ሰራተኞቻቸው በጎንና በጎን ተንጠልጥለውበታል። ለቅሶ ቤት ውሃ ይፈልጋል፤ ታችኞቹ ደግሞ ፓምፓቸው ቆሟል ሲባል ሰምተዋል። ከፊት ወንበር የላይኛው አለቃ ወረዱ። ኩታቸውን አዘቅዝቀዋል። እኚያ ኩሩ ሰውዬ ድንኳኑ ስር ገብተው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

«ወንድሜ! ንጹሕ ወንድሜ! ሳንታረቅ! ምናለበት፣ ሰንሰለቱ ቢጨቀይ! ጭቃ እኮ ነው! እኛስ የተሰራነው ከጭቃ አይደል ወይ!»

ሕዝቡ አነባ። የላይኛው ሰራተኞች አነቡ። እኔም እውነቱን እያወቅኩ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ፣ በጣም ጥሩ አድርገው ነበር የሚያለቅሱት።

በዚህ ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተ። አለቃችን ሦስቱን ጋቢ ደርበው፣ በጨርቅ ራሳቸውን አስረው፣ ድንጋጤ በድንጋጤ ሆነው ወጡ። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን አለ፣ ሰው ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የነገራቸው የለም። እንደ ጨዋ ሰው መጀመሪያ ማልቀስ፣ ከዚያ መጠየቅ ነው ብለው፣ በጋቢው ተሸፋፍነው መጥተው ባዶ ቦታ ያገኙበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉና ማልቀስ ጀመሩ። የተቀመጡት የላይኛው አለቃ ጎን ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አይተያዩም።

«ብቻውን ነበር እኮ» አሉ የላይኛው እያለቀሱ።

«እንዴት ያለ ሰው ነበር» አሉ አለቃችን እያለቀሱ።

«ታሞ እንኳ ሳልጠይቀው!»

«ማን ነበር ግን?» አሉ አለቃችን። አሳላቸው።

ያንን ሳል የማያውቅ አልነበረም። የላይኛው አለቃ ቀስ ብለው ዞሩ። አዩዋቸው። አለቃችንም አዩዋቸው። በአግዳሚው ላይ አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ ሸሸት አሉ፤ ጫፉ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ሊወድቅ ነበር።

«አንተ!» አሉ የላይኛው።

«አንተ!» አሉ የኛ። «ግቢዬ ምን ትሰራለህ?»

የላይኛው አለቃ ግራና ቀኝ አዩ። ኩታቸውን ቀስ ብለው ቀና አደረጉ። «እኔማ… ጉንፋን ይዞሃል ሲሉኝ ልጠይቅህ መጥቼ ነው።»

«ጉንፋን ለመጠየቅ ነው ደረት የምትመታው?»

«ከባድ ጉንፋን ነው ብለውኛል።»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ባለሱቁ ይመስለኛል። ከዚያ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ነገሩ ለሁሉም ገባው። አለቃችን ብቻ አልሳቁም። አገጫቸውን ይዘው ያስባሉ።

«ቅድም ምን ነበር ያልከኝ?» አሉ።

«መቼ?»

«ስታለቅስልኝ። ንጹሕ ወንድሜ ብለሃል፤ አልጋዬ ድረስ ተሰምቶኛል። ብሏል አይደል?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ብሏል!» አለ ሕዝቡ።

«ንጹሕ! ሰምታችኋል? ሰንሰለቴም ንጹሕ ነበር ማለት ነው!»

«ሰንሰለትህስ ጭቃ ነበረው» አሉ የላይኛው። ከዚያ ግን ዓይናቸው እንደገና ዕንባ አቀረረ። «ቢሆንም ባለህ ይሻላል።»

አለቃችን ይሄን ሲሰሙ ከሦስቱ ጋቢ አንዱን አወለቁና ሰውየው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። ለቅሶ የደረሰን ሰው መጣላት ነውር ነው፤ እድርተኛው ሁሉ ባየበት አልቅሶልሃል፣ ዕንባውን ምን ብለህ ትመልሳለህ? ሽማግሌ ሳያስፈልግ ታረቁ። የላይኛው አለቃ ተነስተው፣ «ምን ቆማችኋል! ሂዱ ፓራንኮውን አምጡ! ከኛ መጋዘን ዘንግ ጨምራችሁ አምጡ!» ብለው ጮሁ። አለቃችን ደግሞ ከኋላቸው፣ «ሰንሰለቱን አጥባችሁ!» አሉ።

ከቦቴው መጀመሪያ የተቀዳው ውሃ ለእናቴ ጋን ነው። እንዲያ የወሰኑት ለቅሶ የመጡት ሴቶች ናቸው። የእድሩ በርሜልና ድስት ሁሉ ለካ የመጣው ለዚህ ነው፤ ተሰልፈው እየተቀባበሉ እቤታችን ድረስ አደረሱት። ሲደርሱም እናቴ ስለ ፓምፑም፣ ስለ ለቅሶውም፣ ስለኔም አልጠየቀችም። ድፍድፏን ሞላች፣ ጋኖቿን ከደነች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ለብቻዋ ሳቀች።

ፓራንኮው ታጥቦ፣ እያብለጨለጨ መጣ። ላይኞቹ ሰንሰለቱን ያዙ፣ እኛ ቱቦውን ያዝን፣ ለቀብር የመጣው ወንድ ሁሉ ገመዱን ያዘ። አለቆቹ ደግሞ በአንድ ጋቢ ስር ተቀምጠው፣ «ቀኝ! ቀኝ በል!» «የለም፣ ግራ!» እያሉ እንደ ድሮአቸው መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ይሄኛው ግን የወዳጅ ጭቅጭቅ ነው። ፓምፑ ጭቃውን እንደለበሰ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ሕዝቡ እልል አለ።

ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ብብቱ ስር አድርጎ ቆሞ ያያል። «ስንቱን ጠርቼ ስንቱን ጉድጓድ አስገብቻለሁ» አለ። «ጠርቼ ሳስወጣ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ምሽት ላይ አባቷ መጡ። የእናቴን ጋኖች አንድ በአንድ ክዳናቸውን ከፍ እያደረጉ አዩ። ከዚያ እኔ ጋ መጡና ቆሙ። እኔም ቆምኩ፤ ከሳቸው ጋር መቆሙን ለምጄዋለሁ።

«ውሃው ሞልቷል» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ባይሞላም ነገሩ ተበላሽቶብኛል። ልጄ አደባባይ ላይ ነጠላዋን ጥላ ደረቷን ደቅታልሃለች። አቃቂ ሁሉ አይቷል። ከዚህ በኋላ ለሌላ ወንድ ምን ብዬ ነው የምሰጣት? ሾፌሩም ራሱ ድንኳኑን ሲሸከም ነበር፤ አይቶ ሄዷል።» ቆባቸውን አወለቁ፤ ራሳቸውን አከክ አደረጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ልክ ባንዲራ እንደያዘ ሰው ወደ ላይ አንስተው፣ «እለፍ» አሉኝ።

ሰርጉ በዚያችው እሁድ ሆነ። ድንኳኑም ያው የእድሩ ድንኳን ነበር፤ እናቴ መጀመሪያ ለቅሶ የተለቀሰበት ነው ብላ ቅር አላት። ባለሱቁ፣ «የተለቀሰበት ለሞተ ሰው አይደለም! በሰሞኑ ለቅሶ እኮ ማንም አልሞተም» አላት። አሳመናት። ላይኞቹ ከነአለቃቸው መጡ። ጠላው የነሱ ውሃ ስለሆነ፣ ከጠጡ በኋላ፣ «ውሃችን ጥሩ ነው» እያሉ ይኩራራሉ፤ የኛዎቹ ደግሞ፣ «ጌሾው ነው እንጂ» ይሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አለቆች ተመካክረው ከላይኞቹ ማጠራቀሚያ እስከ እኛ ድረስ ቧንቧ አዘረጉ፤ የአንዱ ፓምፕ ሲቆም የሌላው ውሃ እንዲሻገር። መሃሉ ላይ አንድ መክፈቻ አለ። ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ግን አልተስማሙም፤ የኛው ይያዝ ሲባል የላይኛው እንቢ፣ የላይኛው ይያዝ ሲባል የኛው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ጡሩምባ ነፊው ጋ ተቀመጠ። ሰውየው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ራሱን የሦስተኛ ውሃ ክፍል አለቃ አድርጎ ነበር የሚያየው። ፓምፕ በቆመ ቁጥር ከላይም ይሁን ከታች ጡሩምባውን ይነፋል፤ የጥሪውን ቃል ግን ቀይሮታል። መጀመሪያ፣ «ሰው አልሞተም! ሰው አልሞተም!» ይላል፤ ሰው ልቡ መለስ ሲልለት፣ «ፓምፕ ነው፤ ገመድ ይዛችሁ ድረሱ!» ይላል። የሚገርመው፣ ገመድ እያለም ይመጣሉ።

እኔና ሚስቴ ይኸው አብረን እያረጀን ነው። አሁንም ቁጭ ባልኩበት አንቀላፋለሁ፤ ሞተሩ ግን የለም፤ ስለዚህ ምክንያት አጥቻለሁ። አንዳንዴ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ስታገኘኝ ጠጋ ብላ ትንፋሼን ታዳምጣለች። ነቅቼ፣ «ምነው፣ ሞቼ እንደሆን ልታለቅሺ ነው?» ስላት፣

«እኔ ላንተ ያለብኝን ዕንባ ገና ሳላገባህ ጨርሻለሁ» ትለኛለች። «የዚያን ጊዜው ይበቃሃል፤ ሌላ እንዳትጠብቅ።»